የወደቁት ንቦችና የአስካለ እግር

መጀመሪያ የጨለመብኝ ዓይኔ ነው። ረቡዕ ነበር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም። ሰማዩ ጥርት ያለ የጥቅምት ሰማይ ነው፤ ለእኔ ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ያለች መሰለኝ። የጎረቤቱ ቆርቆሮ ሳየው አያበራም። ቀጥሎ ደረቴን በገመድ እንዳሰሩት ሁሉ አጥብቆ ያዘኝ። ላብ አጠመቀኝ። ምራቄ ዝም ብሎ ይሞላል፤ ስተፋው መልሶ ይሞላል። ምች ነው አልኩ። ባለቤቴ አስካለም አይታኝ ምች ነው አለች። ከደጃፉ ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችና ግንባሬን ቀባችኝ፣ አስሸተተችኝ፣ ጭማቂውንም በውኃ አድርጋ አጠጣችኝ። ተኛሁ። ወደ ማታ ቀለል አለኝ።

ምች አልነበረም። ቁርጡን አውቅ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን ጠርጥሬ ነበር። መጠርጠሬን ለማንም አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈው የፀረ ተባይ መርዝ ለያዘው ሰውና እሱን ለሚያስታምም ነው። እኔ ዝም ብዬ የሆነውን አንብቦ እሱ ዝም እንዳይል።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ ነው፣ የእንጦጦ ዳገት ሲጀምር። ዘመኑ ደርግ ነው። ቀበሌው ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ጠፍ መሬት ለአትክልት ማኅበር ሰጥቶን ባቄላ፣ ጎመንና ድንች እናለማበት ነበር። ምርቱ ለአባላት ይታደላል፣ የተረፈው ኅብረት ሱቅ ይገባል። እኔ ግንበኛ ነበርኩ፤ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እዚያው አትክልቱ ውስጥ ነኝ። መድኃኒት መርጨት፣ ቦይ መጥረግ፣ አጥር ማጠር የእኔ ድርሻ ነው።

አስካለ የንብ ሰው ልጅ ናት። አባቷ ከተራራው ጀርባ ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ለእኔ ስትዳር ከእናቷ ቤት ሰፌድና ገንቦ አመጣች፣ ከአባቷ ቤት ደግሞ አንድ ቀፎ ሙሉ ንብ በአህያ አስጭና መጣች። በኋላ ሦስት ሆኑ። በእበትና በጭቃ የተለሰኑ የሸምበቆ ቀፎዎች ናቸው፤ ከአትክልቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳችን ላይ ተጋድመው ይቀመጣሉ። እኔ ንብ አልወድም ነበር። ይነድፉኛል። እሷን አይነኳትም።

አንድ ልማድ ነበራት፤ የኋላው ነገር ከዚህ ስለሆነ የሚመጣው ልናገረው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲጥል ንቦች ማለዳ ከቀፎው አፍ ሥር ደንዝዘው ይወድቃሉ። ለሚያያቸው የሞቱ ይመስላሉ። አልሞቱም፣ ብርድ ነው። አስካለ በአባቷ ቤት እንዳየችው አንድ በአንድ ትለቅማቸውና በወንፊት አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ላይ ታቅፋቸዋለች። ከላይ ትተነፍስባቸዋለች። ጥቂት ቆይተው ክንፋቸውን ያራግፋሉ፣ ከዚያ ከነጠላው ሥር እየወጡ ይሄዳሉ።

"ለእኔ እንዲህ ተንፍሰሽልኝ አታውቂም" እላታለሁ።

"አንተ መቼ ደንዝዘህ ታውቃለህ፤ ክረምት ከበጋ እንደ ተናደፍክ ነህ" ትለኛለች።

በዚያ ዓመት ባቄላውን ዘግይተን ነበር የዘራነው። ሲያብብ ክሽክሽ ወረደበት። ግንዱ ጥቁር ዱቄት የተነሰነሰበት እስኪመስል ድረስ ተባዩ ላዩ ላይ ተደራርቧል። የአትክልት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ታደሰ ይባላል፣ ጎረቤታችን ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን ነገር ይፈጥንበታል። አንድ ማክሰኞ የተባይ መድኃኒት ያለበት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ከአንድ እርሻ ጣቢያ የሚሠራ ዘመዱ የሰጠው ነው።

"ይቺን በባልዲ ውኃ በጥብጠህ እርጭ። ከነገ ወዲያ ክሽክሽ የሚባል አታይም" አለኝ።

"ስንት ይጨመራል?"

"በዓይንህ ነዋ።"

አስካለ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰማች። መጣች። "አበባ ላይ መርጨት የለም። ባቄላው አብቧል፣ ንቦቼ ውለው የሚገቡት እዚያ ነው። አመድ ነስንሱበት፤ ለክሽክሽ አመድ ይበቃዋል" አለች።

"ጓድ አስካለ፣ ባቄላው የሰፊው ሕዝብ ነው። ንቡ ያንቺ ነው" አላት ታደሰ፣ እየሳቀ።

"ባቄላውን ፍሬ የሚያስይዘው ንቡ ነው። ሰፊው ሕዝብማ የሚመጣው ሲበስል ነው" አለችው።

ሳቅን። እኔም "እሺ፣ አመድ እነሰንሳለሁ" አልኳት።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እሷ ወፍጮ ቤት ሄደች። አመዱን በቁና ሞልቼ አወጣሁት። ከዚያ ባቄላውን አየሁት። ለአንዲት ንብ ብዬ የሰው ልፋት ላስበላ ነው ወይ አልኩ። እልህ ያዘኝ። እኔ እልህ ሲይዘኝ ሌላ ሰው ነኝ። ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ጽሑፍ ነበረበት፣ የፈረንጅ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፣ ግን የፈረንጁን አላውቅም። የራስ ቅል ሥዕልም ነበረበት። እሱን ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። አየሁት። ለክሽክሹ ነው አልኩ።

መርጫ ስላልነበረን መጥረጊያ ባልዲው ውስጥ እየነከርኩ ረጨሁ። ነፋሱ ከተራራው ወደ እኔ ነበር። ካፖርቴ ራሰ፣ ፊቴ ራሰ። ንቦቹ አበባው ላይ ነበሩ። አይቻቸዋለሁ። ቆርቆሮውን ቆፍሬ ቀበርኩት፣ አመዱን ዙሪያውን በተንኩት። ቤት ገባሁ። ከዚያ ነው ዓይኔ የጨለመው።

አስካለ ዳማከሴውን ቀብታ አስተኛችኝና ካፖርቴን አነሣች። "ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚሸት?" አለች። "ጋዝ ፈሶበት ነው" አልኳት። ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ወፍራም ልብስ ስለሆነ በእጇ ጀምራ በእግሯ ረግጣ አጠበችው። ከአልጋዬ ሆኜ የሳፋውን ውኃ ሲንቦጫረቅ እሰማለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አልወጣኝም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ከደጅ ጠራችኝ።

"ና እይ፣ ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ገባ።"

ወጣሁ። ከሦስቱም ቀፎ ሥር መሬቱ ጠቁሯል። እንዲያ ያለ ውድቀት አይቼ አላውቅም። ወደ ሣሩ አየሁ። ሣሩ ላይ ነጭ ነገር የለም። ጤዛ ብቻ ነው። ውርጭ አልጣለም።

ዝም አልኩ።

እሷ ለቀመች። አንድ ወንፊት ሞላ። ታቀፈች። ተነፈሰችባቸው። አልተነሡም። ያንን ነጠላዋ ላይ ገልብጣ ሌላ ወንፊት ለቀመች።

"ተያቸው፣ ሞተዋል" አልኳት።

"ብርድ ነው እንጂ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል እኮ።"

ፊቷን ነጠላው ውስጥ ከትታ ትተነፍሳለች። እኔ ቆሜ አያለሁ።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ዕንባዋ ይወርድ ጀመር። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ምራቋ ተዝረከረከ። አስመለሳት። ታች ለቀቀባት። የክንዷ ሥጋ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል፣ ትል የሚሄድበት ይመስላል። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ውኃ ይፈላል። ጠራኋት። አልመለሰችልኝም።

ጎረቤት የዕድሩን ቃሬዛ አመጣ። ታደሰ ከፊት ያዘ፣ እኔ ከኋላ። ዳገቱን ወርደን አስፋልቱ ላይ ውይይት ታክሲ አቆምን። ተሳፋሪው ሁሉ ያለ አንድ ቃል ወርዶ ለቀቀልን። እነዚያን ሰዎች ዛሬ ባገኛቸው አላውቃቸውም። አልረሳቸውም።

ሆስፒታል ወጣት ዶክተር ተቀበለን።

"ምን በላች? ምን ጠጣች? የነካችው ነገር አለ?"

"ምንም" አልኩ።

የተቅማጥና የትውከት በሽታ ሊሆን ይችላል ተባለ። ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሙሉ ጠርሙስ ነበር። እኔ ከእግሯ በኩል ቆሜ ጠብታውን አያለሁ።

ለምን ዝም አልክ የሚለኝ ይኖራል። ቀበሌውን ፈርቼ ነው። የጋራ አትክልት ላይ መርዝ ረጨ ቢባል አሻጥር ይባላል፤ በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል ምን እንደሆነ የነበረ ያውቀዋል። ግን ሁሉንም በፍርሃት አላሳብብም። አስካለ እንዳትሰማኝ ነው። ራሷን ስታ ተኝታ፣ እንዳትሰማኝ ብዬ ነው።

ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። "አባቴ፣ ደግመው ያስቡ። ዛሬ ወይ ትናንት የነካችው፣ ያሸተተችው ነገር?"

"የለም።"

ትንሽ ባትሪ አብርቶ የዓይኗን ቆብ ገለጠ። ብሌኗ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ዞረና ባትሪውን በእኔ ዓይን ላይ አበራ። ቆየ።

"የእርስዎም እንደዚሁ ነው። አባቴ፣ ዓይንዎ ነግሮኛል። አፍዎ ነው የቀረው።"

ነገርኩት። የፈረንጁን ጽሑፍ፣ የራስ ቅሉን፣ ባልዲውን፣ ካፖርቱን፣ ንቦቹን። ቀና ስል ግሉኮሱ ግማሽ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ሮጠ። "አትሮፒን" አለ ዶክተሩ፣ "አትሮፒን አምጡ፣ ያለውን ሁሉ። ልብሷን አውልቁላት። በሳሙና እጠቧት፣ ፀጉሯንም።" ነርሷ ነጠላዋን ስትፈታ ንቦቹ ወለሉ ላይ ረገፉ። ነርሷ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

"አይናደፉም" አልኳት። ጎንበስ ብላ በእጇ አፈሰቻቸው።

መርፌውን በየጥቂት ደቂቃው ይወጓታል። ደረቷ ውስጥ የሚፈላው ውኃ እስኪደርቅ ድረስ ነው የሚሰጠው አለኝ ዶክተሩ። የመርዙ ስም ኦርጋኖፎስፌት ይባላል። ተባዩን በሚገድልበት መንገድ ነው ሰውንም የሚገድለው፤ ነርቭ ሥራውን ሠርቶ ማረፍ ያቅተዋል። ፕራሊዶክሲም የሚባል ሌላም መድኃኒት አለ፣ እኛ ዘንድ ግን የለም አለኝ። ለእኔም ወጉኝ። አፌ ደረቀ፣ ልቤ ደለቀ፣ ብርሃኑ ተመለሰልኝ። እንዳይመለስልኝ የፈለግኩበት ሰዓት ነበር።

በመጨረሻ ትዝ አለኝና "ጎመኑ እሑድ ሊታደል ነው፤ ከባቄላው ጎን ነው" አልኩት። ማንም እንዳይበላው ብሎ ለቀበሌው ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ታደሰ በር ላይ ቆሞ አገኘኝ።

"ስሜን አነሣህ?" አለኝ።

"አነሣሁ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ሄደ። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ የአትክልቱ በር ላይ ራሱ ቆሞ ማንንም አላስገባም። ቀበሌው ሁለታችንንም ጠርቶ በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አድርጉ አለን። አደረግን። አልታሰርንም። ታደሰን ግን የኮሚቴውን ወንበር ነጠቁት፤ በዚህ አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም።

አስካለ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። በአራተኛው ተናገረች። "ንቦቹስ?" ነው ያለችው።

"አመድ አልነበረም" አልኳት።

"አውቄያለሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ አልነበረም።"

"ካየሽ ታዲያ ለምን ታቀፍሻቸው?"

"አመድ እነሰንሳለሁ ብለኸኛላ። ያንተን ቃል ይዤ ዓይኔን ተውኩት።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአሥረኛው ቀን ቤት ገባን። ሰው ሁሉ እንኳን ማረሽ አለ፣ ስለት የነበረበት ስለቱን አስገባ፣ እኔም አለቀ አልኩ። ይህን የምታነቡ አስታማሚዎች ልብ በሉልኝ፤ አላለቀም ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ባቷን ቁርጠት ያዛት። ጣቶቿ ላይ ጉንዳን ይሄድብኛል አለች። አንድ ጠዋት ከጓዳ ወደ ደጅ ስትወጣ የግራ ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቶ አየሁ። ባዶ እግሯን ነው የምትሄደው። አላወቀችም።

"ጫማሽ ወለቀ እኮ" አልኳት።

ወደ እግሯ አየች። ያ አስተያየት ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ።

ቁርጥማት ነው ብዬ ቅቤ አላሸኋትም። ይህን አንድ ነገር ተምሬ ነበር። በቀጥታ ወደዚያው ዶክተር ወሰድኳት። እግሯን በመዶሻ መታ መታ አደረገ፣ በመርፌ ጫፍ ነካካ፣ ተነሥታ በተረከዟ እንድትቆም አዘዛት። አልቻለችም። የእግሯ መዳፍ ወደ ታች ወድቋል፣ ለመራመድ ጉልበቷን እንደ ፈረስ ታነሣለች። ኒውሮፓቲ ይባላል አለን። ከአንዳንዱ እንዲህ ያለ መርዝ በኋላ፣ ሰው ድኗል ከተባለ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ረዣዥሞቹ ነርቮች ከጫፍ መሞት ይጀምራሉ።

"በእግሯ ረግጣ ስላጠበች ነው?" አልኩት።

"አይደለም። ከገባ በኋላ በደም ነው የሚሄደው። በእጇም ብታጥብ ያው ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

"መድኃኒት የለውም። ፊዚዮቴራፒ ነው፤ በየቀኑ ማሠራት። የሚመለሰው ይመለሳል።"

አስካለን ደጅ አስቀምጬ ብቻዬን ተመለስኩ። "ዶክተር፣ ያ ግማሽ ግሉኮስ ነው እግሯን የወሰደው? ዝም ያልኩበት?"

ወደ ወረቀቱ አላየም፣ ወደ እኔ ነው ያየው። "አላውቅም አባቴ። ቀድመው ቢነግሩኝም ላይቀርላት ይችል ነበር። ሊቀርላትም ይችል ነበር። የሚያውቅ የለም።"

አይደለም ቢለኝ አላምነውም ነበር። አዎ ቢለኝ አልኖርም ነበር። አላውቅም ባለኝ እስከ ዛሬ አለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ጠዋትና ማታ ወንበር ላይ አስቀምጫት የእግሯን መዳፍ በመቀነት ወደ ላይ እስባለሁ፣ እሷ ወደ ታች ትገፋለች፣ ሃያ ጊዜ በአንዱ ሃያ ጊዜ በሌላው፤ እኔ ስቆጥር ስሳሳት "መሠረተ ትምህርት ይሄን አላስተማረህም?" ትለኛለች። ከአልጋ እስከ በር ለመሄድ አንድ ወር ፈጀባት፤ ከበር እስከ ቀፎው ሌላ ሁለት ወር። ቀፎዎቹ ባዶ ነበሩ። ከፍታ አየቻቸው፣ ሰሙን አሸተተችና "ይሄ ይቃጠል" አለች፤ ሦስቱንም አውጥቼ አቃጠልኳቸው። ባቄላውንም ነቅለን ቀበርነው።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳት። ብቻ አንድ ቀን፣ ሚያዝያ ላይ፣ ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር፣ በርጩማ አትክልቱ ዳር አውጣልኝ አለችና ተቀመጠች። በምርኩዟ መሬቱን እየጠቆመች "እዚህ ቆፍር" አለችኝ። ቆፈርኩ። "እዚህ ደግሞ አትንካ" አለችኝ። አልነካሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው፤ እሷ ትጠቁማለች፣ እኔ እቆፍራለሁ። ለእኔ ከይቅርታ ይበልጥብኛል፣ ያንሰኛልም፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ከእንጦጦ ላይ ጦስኝ በከረጢት አፍልሼ አመጣሁ፣ በአጥሩ ሥር በድንጋይ መሐል አስተከለችኝ። ዳማከሴና በሶብላ ውኃ ቦዩ ዳር ሆነ። ጎመኑ ሲቆረጥ አሥር አሥራ ሁለት ግንድ ተዉልኝ፣ ያብብ አለች፤ ቢጫ አበባው የንብ ምሳ ነው። መንገዱ ዳር የበቀለውን ማገጥ ማንም እንዳያጭደው ለመነች፤ መስከረም ሲጠባ የማገጥና የአደይ አበባ ተቀላቅሎ ያንን ጠርዝ ምንጣፍ ያደርገዋል። ለውኃ ዝርግ ሸክላ አስቀምጠን ጠጠር ሞላንበት፣ ንብ ጠጠሩ ላይ ቆማ እንድትጠጣ፤ ጥልቅ ውኃ ያሰምጣታል። አትንካ ያለችኝ ጥግ ደግሞ የጣዝማ ነበር። ጣዝማ ትንሽ ናት፣ አትናደፍም፣ መሬት ውስጥ ነው ማሯን የምትሠራ፤ የተቆፈረ መሬት ላይ አትኖርም። ሠላሳ ዓመት እዚያ ስኖር እሷን አላየኋትም ነበር።

አዲሱ ኮሚቴ ይህን ሲያይ አልወደደም። መሬት ያለ ምርት ተያዘ ተባለ። "ጓድ አስካለ አረም በኅብረት ጀመሩ" ብሎ አንዱ ቀለደ። አስካለ ከበርጩማዋ ሳትነሣ "አምና ባቄላችሁ ስንት ፍሬ ያዘ?" አለችው። እሷ ያለችው ነገር ነበር፤ ንቦቹ ካለቁ በኋላ የተዘራው ባቄላ አብቦ አብቦ፣ ቅርፊቱ ውስጥ አንዲት ሁለት ፍሬ ብቻ ነበር የተገኘበት። በሳምንቱ ታደሰ፣ ወንበሩን የተነጠቀው ታደሰ፣ አንድ ሸክም የግራዋ ቅርንጫፍ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። "ለአጥሩ ይሆናል፤ አበባውን ንብ ይወደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ" አለ። አስካለ "ራቅ ራቅ አድርገህ ትከለው" አለችው። በቃ፤ ታረቁ።

እኔ አዲስ ቀፎ ሠራሁ። ሸምበቆውን እኔ ጎነጎንኩ፣ እሷ ተቀምጣ ለሰነችው። በወይራና በጦስኝ አጠንነው፣ አፉን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞርነው። አንድ ዓመት ባዶውን ከረመ። በሁለተኛው ዓመት መስከረም፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ በኩል ድምፅ መጣ። ቀና ስል መንጋው እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይመጣል። አስካለ ከበርጩማው ተነሣች። ያለ ምርኩዝ ነው የተነሣችው። እጇን ወደ እኔ ዘርግታ "አትንቀሳቀስ" አለችኝ። መንጋው ላያችን ላይ ዞረ፣ ግድግዳው ላይ አረፈ፣ ከዚያ ቀስ እያለ በቀፎው አፍ ገባ። ለመግባት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። እግሯ እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻው ቆመች። ልደግፋት አልደፈርኩም። ሲያበቃ ተቀመጠችና "ከእንግዲህ ክሽክሽ ሲመጣ አመድ ነው" አለችኝ።

"አመድ ነው" አልኳት።

አስካለ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። በሁለት ምርኩዝ፣ በኋላም በአንዱ ሄደች። እንጦጦን ግን ዳግመኛ አልወጣችም። የአባቷን አገር ለማየት ያንን ተራራ መሻገር ነበረባት፤ መኪና የማይገባበት ነው። ጦስኙን ባመጣሁ ቁጥር አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። በሌላ ሕመም፣ በአልጋዋ ላይ፣ በሰላም አረፈች።

ባትሪውን በዓይኔ ላይ ላበራው ዶክተር፣ ንቦቹን ከወለሉ በእጇ ላፈሰችው ነርስ፣ ከታክሲው ለወረዱት ሰዎች፣ አፈር ይቅለለውና ለታደሰ፣ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። አንብባችሁ እዚህ ለደረሳችሁ ደግሞ የምለው ይህን ነው። መርዝ የነካውን ሰው ልብሱን አውልቁለት፣ በሳሙና እጠቡት፣ እናንተም እጃችሁን ጠብቁ። ቆርቆሮውን አትቅበሩ፤ ከነጽሑፉ ለሐኪሙ ውሰዱለት፣ እሱ ያነበዋል። ሐኪም ሲጠይቃችሁ፣ ገና መጀመሪያ ሲጠይቃችሁ ተናገሩ። ቤት ገባ ብላችሁ አትዘናጉ፤ አንድ ወር ሙሉ እግሩን እዩለት፣ ጫማው ከወለቀ አትቆዩ። አበባ ላይ አትርጩ። ንብ በብዛት ወድቆ ካያችሁ መጀመሪያ ሣሩን እዩ።

ቀፎው አሁንም አለ። እኔም አርጅቻለሁ፣ ማለዳ ብርዱ ይከብደኛል። ጥቅምት ሲገባ ግን ከቀፎው ሥር የወደቁትን በቅጠል እያነሣሁ በግድግዳው ጫፍ ላይ፣ ፀሐይ መጀመሪያ በምትነካው ድንጋይ ላይ አኖራቸዋለሁ። አልታቀፋቸውም፣ አልተነፍስባቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ብርድ ከሆነ ይነሣሉ።